የሚያግዛቸው ያጡት ክብርት ተቆጣጣሪ

በየቤተሰቡ «የሚያግዘኝ ሰው አጣሁ!» የሚሉ አንዲት ሴት አሉ። ከሌሉ ያ ቤተሰብ ገና አልተሟላም ማለት ነው። ቤቱ በሰው ቢሞላ፣ ልጅ ቢያድግ፣ ምራት ቢመጣ፣ ሠራተኛ ቢቀጠር፣ እሳቸው ግን የሚያግዛቸው የለም። ወገባቸውን ይዘው በረጅሙ ይተነፍሱና «እኔ ስሞት ታውቁታላችሁ!» ይላሉ። ይህን ሰምቶ ሆዱ የባባ አንድ ሞኝ ተነስቶ እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወው፣ ተወው! አንተ አትችልበትም፤ እኔው ልጨርሰው» ብለው ከእጁ ይነጥቁታል። ሞኙ ተመልሶ ይቀመጣል። እሳቸውም ሥራቸውን እየሠሩ የሚያግዛቸው ሰው ማጣታቸውን ይቀጥላሉ።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነችው ፋርማሲስት የተወለደችው ከእንዲህ ዓይነቷ ሴት ነው።

እናቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቆጣጣሪ ነበሩ። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የትራስ ልብሱ፣ የጠረጴዛ ልብሱ በእሳቸው ዓይን ሥር ሳያልፍ ወደ እንግዳ ክፍል አይወጣም ነበር። ለእሳቸው ፎጣ ማለት ሦስት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባው ወደ በር ዞሮ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ጨርቅ ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ሆቴሉ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ ሥልጣኑን መልሶ መረከቡን ግን ረሳው። ይዘውት ወደ ቤት ገቡ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም በየምሽቱ ይዘውት ይመጡ ነበር። «ክብርት ተቆጣጣሪ» የሚለውን ማዕረግ የሰጧቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ የሚጠሯቸው ግን እሳቸው በሌሉበት ብቻ ነው።

ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንቱን ሰው ካሰበበት ያደረሱ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው አንዲት ብርጭቆ ከጠረጴዛ እስከ ማጠቢያው ማድረስ አይፈቀድላቸውም። አንድ ጊዜ ክብርት ተቆጣጣሪ ጎረቤት ሄደው ሳሉ፣ ልባቸው ደፈረና የሻይ ብርጭቋቸውን አጠቡ። አድርቀው በቦታዋ መለሱና ጋዜጣቸውን ይዘው እንደ ሌባ ተቀመጡ። ክብርት ተቆጣጣሪ ገቡ። ገና ነጠላ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወደ ማድ ቤት ዘለቁና «ማነው ብርጭቆ የነካው?» አሉ። አባትየው ብዙ ሳይጨነቁ አመኑ። ብርጭቆዋ እንደገና ታጠበች፤ እሷ ብቻም ሳትሆን አጠገቧ የነበሩት ሁሉ አብረው ታጠቡ።

ሠራተኞችም ተቀጥረው ያውቃሉ። የለቀቁት ሥራ በዝቶባቸው አይደለም፤ ሥራ አጥተው ነው። አንዷማ እጇን አጣጥፋ ስትቆም ከርማ «እትዬ፣ እባክዎ የምሠራውን ነገር ይስጡኝ፤ እንዲህ መገተሩ አቃተኝ» ብላ አልቅሳ ሄደች። ክብርት ተቆጣጣሪ የልጅቷን ሻንጣ ከፍተው ልብሷን እንደ አዲስ አጣጥፈው ሸኟት። ከበር ሲመለሱ ያሉትን አባትየው እስከ ዛሬ አልረሱትም፦ «አየህ? አንዷም አትበረክትልኝ!»

እስካሁን ያለው ያስቃል። ፋርማሲስቷ ሥራ ቦታ ስታወራው ባልደረቦቿ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። እሷ ግን አትስቅም።

ልጅ ሳለች ጠዋት ጠዋት አልጋዋን ታነጥፍ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልጋው እንደገና ተነጥፎ ይጠብቃታል። የተቆጣት የለም፣ የመታት የለም፣ ማንም ትንፍሽ አላለባትም። ድስት አጥባ ዞር ከማለቷ የውሃ ድምፅ ትሰማለች፤ የታጠበ ድስት እንደገና ሲታጠብ። ያንን ድምፅ ዛሬም ከሩቅ ትለየዋለች። ቀስ በቀስ ማንጠፉንም ማጠቡንም ተወችው። ያኔ እናቷ ለጎረቤት «ይቺ ልጅ ሰነፍ ናት፤ አንድ ሥራ አንስታ አታግዘኝም» ብለው ሲያሟት በጆሮዋ ሰማች። ሆድ ባሳት።

አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። የሐኪም ማዘዣ ታነባለች፣ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ታወርዳለች፣ አወሳሰዱን ጽፋ ለሕመምተኛው ትሰጣለች። ሆኖም በሰጠች ቁጥር አንድ ሰው ከጀርባዋ ብቅ ብሎ፣ የሰጠችውን ነጥቆ እንደገና የሚሰጥ ይመስላታል። ስለዚህ ማዘዣውን ደጋግማ ታያለች፤ ባልደረቦቿ ይህን ጥንቃቄ ይሉታል። እሷ ትክክለኛ ስሙን ታውቀዋለች፤ ግን ለማንም አትናገረውም።

እንግዲህ ሚጡ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሚጡ የፋርማሲስቷ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመቷን አልፋ ወደ ሦስተኛው እየተንደረደረች ነው፤ ቁመቷ ከመጥረጊያ እጀታ ያንሳል። አባቷ የመንገድ ቀያሽ ስለሆነ ሳምንቱን የሚያሳልፈው ከቤት ርቆ ነው። ስትጠብቃት የነበረችው ጎረቤት ሰፈር ስትለቅ፣ ልጅቷ ቀን ቀን አያቶቿ ዘንድ እንድትውል ግድ ሆነ።

የሚጡ የሥራ ፍቅር የጉድ ነው። መጥረጊያ ሲነሳ ካየች «እኔ!» ትላለች። ቧንቧ ሲከፈት «እኔ!» ሽንኩርት ሲላጥ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ ንፍጧ እየወረደ «እኔ! እኔ!» ለመሆኑ ሥራ አቃልላ ታውቃለች? በጭራሽ። ጠረጴዛ ስትወለውል ወለሉም ወንበሩም እሷም ይረጥባሉ። ካልሲ ስታገናኝ የአባቷን ካልሲ ከድስት ክዳን ጋር ታገናኛለች። ግን ስትጨርስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሥራዋን የምታየው አስተያየት አንጀት ይበላል። ሀገር ያቀናች ነው የምትመስለው።

አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ደንበኛ የሆነች የሕፃናት መዋያ መምህርት፣ ሚጡ የመድኃኒት ካርቶን ስትደረድርና ስትንድ አየቻት። ፋርማሲስቷ ልታስነሳት ስትል ሴትየዋ «ተያት ባክሽ፣ ትሥራ» አለቻት። «በዚህ ዕድሜ የሚሠሩት ለሥራው ብለው እንዳይመስልሽ፤ ለራሳቸው ነው። አሁን "ሂጂ" ካልሻት፣ ስታድግ "ነይ" ብትያት አትሰማሽም።»

ፋርማሲስቷ ፈገግ ብላ መድኃኒቷን ሰጠቻት። የተነገራት ስለ ሚጡ ነበር፤ የሰማችው ግን ስለ ራሷ ነው። የፈለገ ነገር ቢመጣ ይህ «እኔ!» የሚለው ቃል ከዚህች ልጅ አፍ እንዳይጠፋ ለራሷ ማለች።

ሚጡን ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ቤት ስታደርስ በር ላይ ቆማ ለመነች።

«እማዬ፣ የምግቧንም የእንቅልፏንም ነገር አንቺ ታውቂበታለሽ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ሥራ ላግዝ ስትልሽ አትከልክያት። ብታበላሽም።»

«እኔ ልጅ ሥራ ስከለክል አይተሽኛል?» አሉ ክብርት ተቆጣጣሪ፣ ቅር ብሏቸው።

እውነታቸውን ነው። ከልክለው አያውቁም።

እዚያ ቤት የሚሆነውን ነገር የምትሰማው ከአባቷ ነበር። ሰውየው ከጋዜጣቸው በላይ አሻግረው እያዩ፣ ልጃቸው ስትመጣ በሹክሹክታ ሪፖርት ያቀርባሉ። ሚጡ ከፊት በትንሿ መጥረጊያዋ ትጠርጋለች፤ ክብርት ተቆጣጣሪ ከኋላዋ በትልቁ ይከተላሉ። ሚጡ የቤተሰቡን ጫማ በር ላይ ትደረድራለች፤ ገና ቀና ሳትል ግራው ወደ ግራ፣ ቀኙ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሚጡ የላስቲክ ኩባያዋን ታጥባለች፤ ያኔ «ወፏን እያት ሚጡዬ! እዚያ፣ መስኮቱ ላይ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ ወፍ ስትፈልግ ኩባያው በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ተደፍቶ ይጠብቃታል።

«እዚያ መስኮት ላይ ያላረፈ የወፍ ዘር የለም» አሉ አባትየው። «ትናንትማ ሰጎን ብትላትም አይገርመኝም ነበር።»

«ዝም ብለህ ታያለህ እንዴ አባዬ?»

«ተናገርኳት። "ምን ከለከልኳት? ይኸው እየሠራች አይደል?" አለችኝ።»

ነገሩ የገባት አንድ እሑድ፣ በገዛ ቤቷ ነው። ከምሳ በኋላ ሚጡ ጨርቅ ይዛ ጠረጴዛውን ወለወለች። እንደ ወትሮው ውሃው እስከ ወንበሩ ድረስ ፈሰሰ። እናቷ «ጎበዝ!» ብላ አጨበጨበችላት። ሚጡ ግን ሥራዋን ቆማ አላየችም። ጨርቁን ለእናቷ ዘረጋችላት።

«እንቺ እማ። አሁን አንቺ በደምብ።»

«ተወልውሏል እኮ የኔ ቆንጆ። አንቺ ወልውለሽዋል፤ ንጹሕ ነው።»

«አይደለም» አለች ሚጡ።

አላዘነችም፣ አላኮረፈችም። ውሃ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል እንደማለት ነው የተናገረችው። በሚጡ ዕውቀት ጠረጴዛ የሚጸዳው እንደዚህ ነው፦ መጀመሪያ ሚጡ፣ ከዚያ እውነተኛ ሰው።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። «እኔ!» የምትለው እየቀነሰ ሄደ። አንድ ምሽት እናቷ የታጠበ ካልሲ ፊቷ ከምራ «ነይ እናገናኝ» ስትላት ክምሩን በእጇ ገፋ አደረገችና «አያቴ ትሠራዋለች» ብላ ጣቷን መጥባት ጀመረች። ፋርማሲስቷን ተስፋ ለማስቆረጥ ዓመታት ፈጅቶ ነበር፤ በልጇ ግን ሥራው ተቀላጥፏል።

በማግስቱ ከሥራ ወጥታ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ደሟ ፈልቶ ነበር። ሚጡ ተኝታለች። ክብርት ተቆጣጣሪ ማድ ቤት ቆመው ማንኪያውን በማንኪያ ተርታ፣ ሹካውን በሹካ ተርታ እየለዩ ነበር። ፋርማሲስቷ ውሃ ቀድታ ጠጣች፤ ብርጭቆዋን አለቃልቃ አስቀመጠችና ጀመረች።

«እማዬ፣ የሚጡን ሥራ መድገምሽን ተይ።»

«የቱን ሥራ?»

«ሁሉንም! ኩባያውን። ጫማውን። መጥረጉን።»

«ኩባያው ላይ ሳሙና ነበረበት። ልጅቷ ሳሙና ትጠጣ ነው የምትይኝ?»

«ትጠጣ!»

ሳሎን የተቀመጡት አባት ጋዜጣቸውን ፊታቸው ድረስ ከፍ አደረጉ።

«እኔ ባነጠፍኩት አልጋ ላይ ተኝቼ አላውቅም» አለች ፋርማሲስቷ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ያጠብኩትን ሳትደግሚው ውለሽ ታውቂያለሽ?»

«ይኼ ሆነ ጥፋቴ? ልጄ አይድከማት ብዬ…»

«ሰነፍ ናት ብለሽ ለሰው ነገርሽ!»

ክብርት ተቆጣጣሪ እጃቸው ላይ የነበረውን ሹካ አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንኪያዎቹ ጋር ቀላቅለው ነው ያስቀመጡት።

«አንሶላ ተነቅፎ ከእንግዳ ክፍል ሲመለስ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ኃላፊው ሰው ሁሉ ፊት ይዘረጋዋል። ትንሽ እድፍ፣ ትንሽ እጥፋት ያሳየኛል። ያጠፈችው ሌላ ናት፤ የሚጠራው የኔ ስም ነው። ሠርቼ የማሳድጋት ልጅ ደግሞ ቤት አለች። እኔ ሳላየው ያለፈ ነገር እንቅልፍ አይሰጠኝም።»

«እኔ አንሶላ አይደለሁም፣ እማዬ። ሚጡም አይደለችም። የማትተያት ከሆነ ሁለተኛ አላመጣትም።»

«እንደ ፈለግሽ» አሉ እናትየው። ፊታቸውን አዞሩ። «ልጅሽ ናት።»

ፋርማሲስቷ የተኛችውን ልጅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ከበሩ ገና ሳትርቅ በመስኮቱ በኩል የውሃ ድምፅ ሰማች። ያለቃለቀቻት ብርጭቆ ነበረች።

ቀጥሎ ባሉት ቀናት ሚጡ መድኃኒት ቤት ዋለች። ካርቶን አልደረደረችም፣ አልናደችም። ባንኮኒው ሥር ቁጭ ብላ ሰው ሲሠራ ታያለች። ባለ መድኃኒት ቤቱ መጀመሪያ ከረሜላ ሰጣት፤ ኋላ ግን «እስከ መቼ ነው?» ማለት ጀመረ። አባትየው ደወሉ። «ልጄ፣ እባክሽ ሚጡን መልሻት። ቤቱ ጭር አለ። እናትሽ የምትከተለው ሰው ስታጣ እኔን መከተል ጀምራለች። ከወንበር በተነሳሁ ቁጥር ትራሱን ታስተካክላለች፤ ቁጭ ማለትም መነሳትም አቃተኝ።»

ፋርማሲስቷ ሌላ ጠባቂ ስላላገኘች እንጂ ቂሟን ረስታ አልነበረም የተመለሰችው። ልጅቷን በር ላይ አስረከበች። እናትና ልጅ «እንዴት አደርሽ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ተለያዩ። ስለ ሥራው ጉዳይ ማንም ምንም አላነሳም። አባትየውም ሪፖርታቸውን አቋረጡ። ምን አለ ስትላቸው «እኔ ጋዜጣዬን ነው የማነበው» እያሉ ያልፏታል።

እንዲህ ሲሰነባብት አንድ ምሽት ዝናብ ደበደባት። ቤታቸው ስትደርስ ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ ውሃ ሆና ነበር። ሚጡ እየሮጠች መጥታ እግሯ ላይ ተጠመጠመች። ክብርት ተቆጣጣሪ ማድ ቤት ናቸው፤ የቢላ ድምፅ ይሰማል። ፋርማሲስቷ ራሷን የምታደርቅበት ፎጣ ፍለጋ የመኝታ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፈተች።

የእናቷ ቁም ሣጥን ለማየት ያስፈራል። አንሶላ በአንሶላ ላይ፣ ፎጣ በፎጣ ላይ፣ ሁሉም ሦስት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ በር። ከነጫጮቹ ፎጣዎች መሃል ግን አንድ ነገር ተወትፏል። አንድ ጆሮው ወጥቷል፣ ሌላው ተንጠልጥሏል፤ የታጠፈ አይመስልም፣ የተጨነቀ ነው የሚመስለው። ፋርማሲስቷ አላሰበችበትም። እጇ ራሱ ሄደ። ያዘችው፤ ልትዘረጋውና ሦስት ቦታ ልታጥፈው።

«እንዳትነኪው!»

ዞር አለች። ክብርት ተቆጣጣሪ ካሮትና ቢላቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሚጡ ናት ያጠፈችው። ራሷ ናት ያስገባችው» አሉ። «ተይው። ባለበት ይሁን።»

«ሚጡ አጠፈች» አለች ሚጡ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ፋርማሲስቷ እጇን ከፎጣው አነሳች። ማን አስተማረው ይህን እጅ? አንድም ፎጣ አጥፎ የማያውቅ፣ በዚህ ቤት ምንም እንዲያጥፍ ያልተፈቀደለት እጅ፣ መድገሙን ግን አሳምሮ ያውቅ ኖሯል።

«በቀን ስንቴ እንደምከፍተው ብታዪ» አሉ እናትየው። «እጄ ይሄዳል። መልሼ እይዘዋለሁ። እንቅልፌን አጥፍታዋለች ይቺ ፎጣ፤ እግዚአብሔር ያሳይሽ።»

ፋርማሲስቷ ደስ አላት። ልጇ ተርፋለች። ለመናገር አፏን ስትከፍት ግን ደስታው አይደለም የወጣው። ቀናች። ጣቷን በምትጠባ፣ አፍንጫዋን በማትጠርግ፣ በገዛ ልጇ ቀናች።

«ለኔስ ምናለ እንዲህ ብታደርጊ ኖሮ?» አለች።

ክብርት ተቆጣጣሪ ካሮቱን አገላብጠው አዩት።

«ያንቺ ጊዜ የሚቆጣኝ ሰው አልነበረማ» አሉ።

ይቅርታ አልነበረም። ይቅርታ ከዚያች ሴት አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢወጣም ደግመው ያስተካክሉት ነበር። ፋርማሲስቷም ከዚህ የተሻለ አልጠበቀችም። ከላይ ካለው ክምር አንድ ፎጣ አውጥታ ጸጉሯን፣ አንገቷን፣ ክንዷን አደረቀች። ፎጣው ውሃ ጠጣ። ወደ መታጠቢያ ቤት ልትወስደው ስትል ሚጡ ጫፉን ያዘችባት።

«እኔ ላጥፍ!»

እርጥቡ ፎጣ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ሚጡ ተንበረከከችበት። በአንድ በኩል ጎተተችው፣ በሌላው ገፋችው፣ በሆዷ ተኛችበት፤ እያለከለከች ጠቀለለችው። ከዚያ ተሸክማው ተነሳችና ወደ ቁም ሣጥኑ አመራች። ወደ ደረቁ፣ ወደ ነጩ፣ ወደ ተተኮሰው ክምር። ክብርት ተቆጣጣሪ በዓይናቸው ተከተሏት። እርጥብ ጨርቅ ከደረቅ ጋር አስቀምጣ ሥራዋን ያጣች ሴት በሆቴሉ ታሪክ አለች፤ ያሰናበቷትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ፋርማሲስቷም ሄደች። ደግነቱ ሁለቱም እኩል ቆሙ፤ ክብርት ተቆጣጣሪ ቢላውን አልጋው ላይ ጣሉና የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ያዙ።

ሚጡ እርጥቡን ፎጣ ከአንሶላዎቹ መሃል በሁለት እጇ ወተፈችው። አንዱ ክምር ተንሸራተተ፤ ሌላው ዘመመ። አንድም ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም። ማን ማንን እንዳስቆመ ግን ከዚያ ቤት ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ ሄደች። እጃቸው ግን እንደተያያዘ ቀረ። የክብርት ተቆጣጣሪ መዳፍ ሻካራ ነበር፤ ሳሙናው ለዓመታት በልቶታል። ፋርማሲስቷ እጇን ለማስለቀቅ አልቸኮለችም። ልጅ ሳለች እንዲህ ይዘዋት አያውቁም፤ እጃቸው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነበር።